ከንድፉ በፊት ፍላጎቱ፦ አጥቢያ ለመሐንዲስ ልትነግረው የሚገባ

በደቡብ ጎንደር አጥቢያዎች ሕንፃ ለማሠራት ሲታሰብ በጉባኤ የሚነሣው የመጀመሪያ ጥያቄ ብዙ ጊዜ «ስንት ይፈጃል?» የሚል ነው። ቀጥሎ የሚመጣው «እነ እገሌ እንዳሠሩት ያለ ይሁንልን» የሚል ሐሳብ ነው። ሕንፃው ለማን፣ ለየትኛው አገልግሎት፣ በየትኛው ሰዓት እንደሚውል፣ ከተሠራም በኋላ ማን እንደሚጠብቀው የሚጠየቀው ግን ዘግይቶ፣ አንዳንድ ጊዜም ጣሪያው ከተመታ በኋላ ነው።

ጉዳዩ በቀላሉ የሚታይ አይደለም። ለአጥቢያ ሕንፃ የሚውለው ገንዘብ ከአርሶ አደሩ ጎተራ የተቀነሰ እህል፣ ከእናቶች መቀነት የተፈታ ሳንቲም፣ በከተማና በባሕር ማዶ የሚኖሩ የአጥቢያዋ ልጆች የላኩት ስጦታ ነው። በኮሚሽናችን በኩል የሚመጣው ድጋፍም የሌሎች ወገኖች ዐደራ ነው። ሕንፃው ጸንቶ ቆሞ ሳለ የታሰበለትን አገልግሎት ካልሰጠ፣ ማንም ሳይሰርቅ ዐደራ ተበላ ማለት ነው። ስለዚህ በዚህ ዕትም የሕንፃ ባለቤት ፍላጎቱን ለባለሙያ የሚያስረዳበትን ሥርዓት ለሰበካ ጉባኤያት፣ ለሕንፃ አሠሪ ኮሚቴዎችና ለካህናት አባቶቻችን ለማብራራት ወደድን።

የፍላጎት መግለጫ ምንድን ነው?

የፍላጎት መግለጫ የሚባለው፣ ሕንፃ የሚያሠራው አካል ምን እንደሚፈልግ፣ ለምን እንደሚፈልግ፣ ምን ያህል አቅም እንዳለውና ምን እንዳይነካበት እንደሚሻ፣ ንድፍ ከመጀመሩ በፊት ለባለሙያው በጽሑፍ የሚያስታውቅበት ሰነድ ነው። ንድፍ መልስ ነው፤ የፍላጎት መግለጫ ደግሞ ጥያቄው ነው። ጥያቄው ሳይታወቅ የተሰጠ መልስ ቢያምርም ላይጠቅም ይችላል።

ይህ ነገር ለቤተ ክርስቲያን ልጆች እንግዳ አይደለም። በኦሪት ዘፍጥረት ለኖኅ መርከብ እንዲሠራ ሲታዘዝ፣ መርከቡ የሚሠራበት ምክንያት፣ በውስጡ የሚገቡት ነፍሳት፣ የእንጨቱ ዓይነት፣ የውስጥና የውጭ ልስኑ፣ ክፍሎቹ፣ ሦስቱ ደርቦች፣ የበሩ ቦታ፣ ርዝመቱ 300፣ ወርዱ 50፣ ከፍታውም 30 ክንድ መሆኑ አስቀድሞ ተነግሮታል። ሙሴም ደብተራ ኦሪትን የሠራው በተራራው ላይ በታየው ምሳሌ መሠረት ነው። ዳዊት ቤተ መቅደሱን ራሱ ባይሠራውም የክፍሎቹን ሥርዓት ለልጁ ለሰሎሞን አስረክቦታል። በሦስቱም ዘንድ የሠሪው እጅ ከመነሣቱ በፊት የሚፈለገው ነገር ተለይቶ ታውቋል።

የዘመኑ ሙያም ከዚህ የራቀ ሥርዓት የለውም። የብሪታንያ አርክቴክቶች ንጉሣዊ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1963 ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጣው የሥራ መርሐ ግብር በ2020 ዕትሙ ከ0 እስከ 7 የተቆጠሩ ስምንት ደረጃዎች አሉት። በደረጃ 0 ሕንፃ በእርግጥ ያስፈልግ እንደ ሆነ ይመረመራል። በደረጃ 1 የባለቤቱ ፍላጎት ተዘርዝሮ ይጻፋል። ንድፍ የሚጀመረው በደረጃ 2 ነው። በእኛ አካባቢ ግን ብዙ ጊዜ ከደረጃ 2 እንጀምራለን፤ ሁለቱን የመጀመሪያ ደረጃዎች መሐንዲሱ በግምቱ እንዲሞላቸው ትተንለት።

ባለቤቱ ማን ነው?

ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ በቃለ ዓዋዲ መሠረት በየአጥቢያው የተቋቋመው ሰበካ ጉባኤ ካህናትን፣ ምእመናንንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን በአንድነት የያዘ ነው። ስለዚህ በአጥቢያዋ ስም ፍላጎትን አጽድቆ የሚፈርመው እርሱ ነው። ነገር ግን የሚፈርመው አካል በሕንፃው የሚገለገለውን ሁሉ ፍላጎት ከራሱ ሊያውቅ አይችልም፤ መጠየቅ ይኖርበታል።

የዕቃ ቤቱን ችግር ከቄሰ ገበዙ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ልብሰ ተክህኖው የሚሻግተው በየትኛው ግድግዳ በኩል እንደ ሆነ፣ ብራናዎቹን ምስጥና አይጥ የሚያገኛቸው በየት እንደ ሆነ እርሱ ይናገራል። ከቤተልሔም እስከ መቅደስ ያለውን መንገድ በክረምት ጭቃ የሚያውቁት ዲያቆናት ናቸው። ሌሊት የሚሆነውን ዘበኛው ያውቃል። እናቶች በጉባኤ ከወንዶች ጋር ተቀምጠው ሳለ ብዙ ስለማይናገሩ ለብቻቸው ሊጠየቁ ይገባል፤ ሕፃን አዝለው የት እንደሚቆሙ፣ ዝናብ ሲመጣ የት እንደሚጠለሉ፣ ውኃና መጸዳጃ ከየት እንደሚያገኙ የሚነግሩን እነርሱ ናቸው። ዐይነ ስውራን፣ በምርኩዝ የሚሄዱ አረጋውያንና የአካል ጉዳተኞችም እንዲሁ።

ፍላጎቱ ከብዙዎች ቢሰበሰብም ለባለሙያው የሚደርሰው በአንድ አፍ ሊሆን ይገባል። አለቃው አንድ ነገር፣ የኮሚቴው ሰብሳቢ ሌላ ነገር፣ ገንዘብ የላከው ወገን ደግሞ ሦስተኛ ነገር በየፊናቸው ካዘዙ፣ ሥራ ተቋራጩ ለእርሱ የሚቀናውን መርጦ ይሠራል። በኋላም ሁሉም «እኔ እንዲህ አላልሁም» ይላል። ስለዚህ ሰበካ ጉባኤው አንድ ተጠሪ ይሰይም፤ ከተጠሪው ውጭ የሚሰጥ ትእዛዝ እንደማይጸናም ለባለሙያው በደብዳቤ ያሳውቅ።

ሕንፃ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን

መሐንዲሱ የቤተ ክርስቲያን ልጅ ቢሆን እንኳ የአገልግሎቱን ሂደት በሙያ ትምህርቱ አላገኘውም። ውስጡ በመቅደስ፣ በቅድስትና በቅኔ ማኅሌት እንደሚከፈል ሊያውቅ ይችላል። በእያንዳንዱ ክፍል ማን እንደሚቆም፣ ስንት እንደሚሆኑ፣ ማን በየት በኩል እንደሚያልፍ ግን እኛ ልንነግረው ይገባል።

ጥቂት ምሳሌዎችን እንጥቀስ። ታቦት በካህኑ ራስ ላይ ሆኖ ይወጣል፤ በላዩም ጥላ ይዘረጋል። የበሩ ከፍታ ለሰው ቁመት ብቻ ተለክቶ ከተሠራ ካህኑ ጎንበስ ለማለት ይገደዳል። በቅኔ ማኅሌት መዘምራን በሁለት ወገን ተሰልፈው ይዘምማሉ፤ ከበሮ የያዙትም በመካከል ይንቀሳቀሳሉ። ምሰሶ በዚያ መካከል ቢቆም የሕንፃውን ክብደት ይሸከማል፣ ማኅሌቱን ግን ያውካል። በበዓል ታቦቱ ሕንፃውን ሦስት ጊዜ ይዞራል፤ ሕዝቡም ይከተላል። የውኃ መውረጃ ቦይ፣ ደረጃ ወይም አጥር በዚህ ዑደት ላይ ቢያርፍ ሰው ይወድቃል። እነዚህ ሁሉ በወረቀት ላይ በአንድ መስመር የሚስተካከሉ፣ ኮንክሪት ከተሞላባቸው በኋላ ግን በመዶሻና በብዙ ብር እንኳ በቀላሉ የማይቃኑ ነገሮች ናቸው።

የሰው ብዛትንም በሚመለከት ግምት አይበጅም። በዓመታዊ ክብረ በዓል የሚመጣውን ሕዝብ ሁሉ በጣሪያ ሥር ለማስገባት መሞከር ከአቅም በላይ ያደርሳል። ይልቁንም በአራት ሰንበታትና በአንድ ወርኃዊ በዓል በውስጥ የሚቆመውንና በዐጸዱ የሚቆመውን ለይቶ መቁጠር ይሻላል። በብዙ አጥቢያዎች አብዛኛው ሕዝብ የሚያስቀድሰው በዐጸደ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ነው። እንዲህ ከሆነ ሕንፃውን ከማስፋት ይልቅ ለዐጸዱ መጠለያ፣ ለድምፅ ማጉያውና ለውኃ ማፋሰሻው ማሰብ ብዙ ሰው ይጠቅማል።

የአብነት ትምህርት ቤት ሲሆን

ደቡብ ጎንደር በአብነት ትምህርት የታወቀ ምድር ነው። ቤተልሔም በድጓ፣ ዙር አምባ በዝማሬ መዋሥዕት፣ ደብረ ታቦርም በአቋቋም ስማቸው የተጠራ ነው። ለዚህም አጥቢያዎች ለኮሚሽናችን ከሚያቀርቧቸው ጥያቄዎች መካከል ለአብነት ተማሪዎች ማደሪያና መማሪያ ማሠራት አንዱ ነው። የፍላጎት መግለጫ አለመኖር የሚያስከትለው ጉዳትም በዚህ ሥራ ላይ ከሌላው ይልቅ ጎልቶ ይታያል።

ስሟን የማንጠቅሳት አንዲት አጥቢያ ለአብነት ትምህርት ቤቷ አራት ክፍል ያለው የብሎኬት ሕንፃ ተሠርቶላታል። ሥራው ጥሩ ነው፤ ግድግዳው አልተሰነጠቀም፣ ጣሪያውም አያፈስም። የኔታ ግን ዛሬም የሚያስተምሩት ከጎጆአቸው ደጃፍ ባለው ዛፍ ሥር ነው። ሁለቱ ክፍሎች የእህል ማስቀመጫ ሆነዋል፤ ሁለቱ ተዘግተዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። መሐንዲሱ «ትምህርት ቤት» ሲባል የሚያውቀውን ነደፈ፤ ሰሌዳ፣ በረድፍ የተደረደረ ወንበር፣ ለአንድ ክፍል አንድ መምህር። በአብነት ትምህርት ቤት ግን አንድ መምህር በአንድ ቦታ ተቀምጠው በየደረጃው ያሉትን ሁሉ በየተራ ይሰማሉ። ተማሪዎቹን በአራት ክፍል መክፈል የኔታን ለአራት መክፈል ነበር።

እንዲህ ያለው ነገር እንዳይደርስ መግለጫው ከትምህርቱ ጠባይ መነሣት አለበት። የዜማ ተማሪዎች በአንድ ጊዜ በብዙ ቡድን ድምፅ አውጥተው ያዜማሉ፤ እርስ በርስ እንዳይረባበሹ ርቀትና ነፋሻ ዳስ ይሻሉ። ድጓ የሚቀጽሉት በአንድ መጽሐፍ ዙሪያ ስለሚሰበሰቡ ብርሃን ያስፈልጋቸዋል። የአቋቋም ተማሪዎች መቋሚያና ጸናጽል ይዘው ወዲያና ወዲህ የሚሉበት፣ ከበሮ የሚመታበት ሰፊና ደልዳላ ወለል ይፈልጋሉ፤ ወንበር ለእነርሱ ዕንቅፋት ነው። የቅኔ ተማሪ ደግሞ ብቻውን ገለል ብሎ ይቆጥራል፤ ከዚያም መጥቶ ለመምህሩ ይነግራል። ለእርሱ ከክፍል ይልቅ ጸጥታና የዛፍ ጥላ ያለው ግቢ ይበልጥበታል፤ ስለዚህ «ዛፎቹ አይቆረጡ» የሚለው ቃል ራሱ አንድ የፍላጎት መግለጫ አንቀጽ ነው። የቃል ትምህርት በምሽት የሚሰጥ በመሆኑም መብራት የት እንደሚያስፈልግ፣ የት እንደማያስፈልግ የኔታ ይጠየቁ።

ማደሪያውን በተመለከተ ተማሪው ዛሬ እንዴት እንደሚኖር ሳይታይ አልጋ መቁጠር አይገባም። ተማሪዎች በየጎጆአቸው ሁለትም ሦስትም ሆነው ይኖራሉ፤ ከመንደር ያመጡትን ያሞቃሉ፣ ቆሎ ይቆላሉ፣ በብርድ ጊዜ እሳት ይሞቃሉ። ሃያ አልጋ የያዘ አዳራሽ ሠርተን የማብሰያ ቦታ ካልሠራን፣ ተማሪው እሳቱን ወደ መኝታው ያስገባል፤ ጭሱም የቃጠሎ አደጋውም አብሮ ይገባል። የማብሰያው ቤት፣ መታጠቢያው፣ ልብስና ደበሎ የሚሰጣበት ፀሐያማ ቦታ፣ መጸዳጃውና የውኃው ምንጭ ከአልጋው እኩል ሊጻፉ ይገባል። የተማሪው ቁጥርም እንደ ወቅቱ ስለሚለዋወጥ የኔታ በዓመት ውስጥ የሚበዛበትንና የሚያንስበትን ቁጥር ሁለቱንም ይንገሩን።

ቦታውና አየሩ

ዞናችን በአንድ ልክ የሚለካ አይደለም። ደብረ ታቦር ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ የጉና ተራራ ከ4,100 ሜትር ይበልጣል። የፎገራ ሜዳ ደግሞ ወደ ጣና ሐይቅ ወርዶ 1,800 ሜትር አካባቢ ነው። በጉና ግርጌ ላለች አጥቢያ ብርድ፣ በረዶና መብረቅ ዋና ጉዳዮች ናቸው። በፎገራ ለምትገኝ አጥቢያ ጎርፍና ዋልካ አፈር ያስጨንቃሉ፤ ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ መሠረቱንም ያናጋል። ለአንዱ የተዘጋጀ ንድፍ ለሌላው ተገልብጦ ሲሰጥ ዋጋው የቀነሰ ይመስላል እንጂ አይቀንስም።

ስለ ቦታው ሽማግሌዎች የሚያውቁት ብዙ ነው። ጎርፉ በየት በኩል እንደሚመጣ፣ መብረቅ የትኛውን ዛፍ እንደ መታ፣ የቀድሞው ሕንፃ በየትኛው ማዕዘን እንደ ተሰነጠቀ፣ የጥንት መቃብር የት እንዳለ ተጠይቀው ይጻፍ። ይህ የአፈር ምርመራን አይተካም፤ መርማሪው የት መቆፈር እንዳለበት ግን ያሳየዋል። ጫማ ተወልቆ በሚገባበት ቤት በደጋ ብርድ ላይ ሌሊቱን ለሚቆሙ አረጋውያን ወለሉ ከምን ይሠራ የሚለውም ከዚሁ ጋር ይታሰብ።

አቅምና ቅደም ተከተል

ጌታችን በወንጌል፣ ግንብ ለመሥራት የሚያስብ ሰው መፈጸሚያው እንዳለው አስቀድሞ ተቀምጦ እንደሚያሰላ በምሳሌ አስተምሯል። ስሌቱ የሚጀምረው ከስፋት ነው። ጎኑ 16 ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ሕንፃ 256 ካሬ ሜትር ነው። «በየጎኑ 4 ሜትር ብቻ እንጨምርበት» ብለን 20 ሜትር ስናደርገው 400 ካሬ ሜትር ይሆናል። በቃል ሲነገር ጥቂት የመሰለው ጭማሪ ወለሉንና ጣሪያውን ከግማሽ በላይ አሳድጎታል። ክብ ሕንፃም ቢሆን ያው ነው።

ዋጋም በመሥሪያው አያበቃም። ከደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ዐፄ ቴዎድሮስ በአውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ያሠሩት ሴባስቶፖል መድፍ ወደ 70 ኩንታል እንደሚመዝን ይነገራል። መድፉ ተቀርጾ መውጣቱ ሥራውን አልፈጸመም፤ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲጓዝ ተራራ እየተቆረጠ፣ መንገድ እየተጠረገ፣ በብዙ ሺህ ሰው ጉልበት ወራት ፈጅቷል። እኛም ስለምናሠራው ሕንፃ ከምርቃቱ በኋላ ያለውን እንጠይቅ። አሸንዳውን ማን ይጠርጋል? ቀለሙ ሲለቅ ከየትኛው ገቢ ይታደሳል? የመጸዳጃው ጉድጓድ ሲሞላ ምን ይደረጋል? የኤሌክትሪክ ክፍያውስ?

ፍላጎት ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለማይሞላ በሦስት ተከፍሎ ይጻፍ፦ ያለ እርሱ አገልግሎት የማይቻለው፣ ቢገኝ የሚጠቅመው፣ ወደፊት የሚጨመረው። ለወደፊት የተባለውን መሐንዲሱ ዛሬ ካወቀው ቦታ ይተውለታል። ገንዘብ ሲያጥር የሚቀነሰው የትኛው እንደ ሆነም አስቀድሞ ይታወቃል፤ አለበለዚያ መጀመሪያ የሚቀረው ብዙ ጊዜ መጸዳጃውና የውኃ ማፋሰሻው ነው።

ሕጉ ምን ይሸፍናል? ምን አይሸፍንም?

የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕንፃዎችን በምድብ «ሀ»፣ «ለ» እና «ሐ» ከፍሏቸው ነበር። የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች የሚወድቁት ከፍተኛ ጥንቃቄ በሚጠየቅበት በምድብ «ሐ» ነበር። አዋጁ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያ እንዲኖረውም ያዝዝ ነበር። ስለዚህ ሰበካ ጉባኤያት ንድፍ ከማሠራታቸው በፊት በከተማቸው ወይም በወረዳቸው ያለውን የሕንፃ ፈቃድ ሰጪ አካል ስለ ጸናው ሕግና ስለሚጠየቁት ሰነዶች ይጠይቁ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሥራ ተቋራጩ ለሠራው ሕንፃ ጽናት ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ እንዲሆን ደንግጓል። ይህ ትልቅ መጠበቂያ ነው። ነገር ግን ዋስትናው በሥራ ጉድለት ለሚመጣ ጥፋት ነው። በሩ አጥሮ ከተነደፈና በንድፉ ልክ ከተሠራ፣ ተቋራጩ የታዘዘውን ፈጽሟል። ያልጠየቅነውን ነገር የሚያስመልስልን የዋስትና ሕግ የለም።

እንዴት ይጻፍ?

መልካም መግለጫ ሊለካ የሚችል ቃል ይይዛል። «ሰፊና ዘመናዊ አዳራሽ» የሚለው ለመሐንዲሱ ምንም አይነግረውም። «በሰንበት ከቅዳሴ በኋላ 120 ሰው ተቀምጦ ትምህርተ ወንጌል የሚሰማበት፣ በሌሎች ቀናት ለሁለት ተከፍሎ የሚያገለግል፣ አረጋውያን ያለ ደረጃ የሚገቡበት አዳራሽ» ብንለው ግን መነሻ ያገኛል። መፍትሔውን ከማዘዝ ይልቅ ችግሩን መንገርም ይገባል። «ግድግዳው በድንጋይ ይሁን» ከማለት በፊት «ዕቃ ቤቱ እርጥበት እንዳያስገባ፣ እሳትም በቀላሉ እንዳይደርስበት» ቢባል፣ ባለሙያው የሚሻለውን መንገድ ያቀርባል።

አጥቢያዎች በሁለት ወይም በሦስት ገጽ ሊጽፉት የሚችሉት መግለጫ የሚከተሉትን ይይዛል፦

1. የሕንፃው ዓላማና ዛሬ ያለው ችግር፤ ያለውን ሕንፃ በማደስ ችግሩ የማይፈታበት ምክንያት።
2. በሕንፃው የሚገለገሉት ወገኖች፣ ቁጥራቸው፣ የሚገለገሉበት ቀንና ሰዓት።
3. በእያንዳንዱ ክፍል የሚፈጸመው አገልግሎትና በክፍሎቹ መካከል ያለው መተላለፊያ።
4. በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን የማይለወጡ ነገሮች፤ እነዚህንም ያረጋገጡት አባቶች።
5. የቦታው ይዞታ ማረጋገጫ፣ የአፈሩ፣ የውኃው፣ የመንገዱና የአየሩ ሁኔታ፤ የማይነኩ ዛፎች፣ መቃብሮችና ቅርሶች።
6. በእጅ ያለው ገንዘብ፣ ቃል የተገባው፣ በጉልበትና በቁሳቁስ የሚገኘው፤ ሦስቱ ተለይተው።
7. የግድ የሚያስፈልገው፣ ቢገኝ የሚጠቅመውና ወደፊት የሚጨመረው።
8. ከርክክብ በኋላ የሚጠብቀውና የሚያድሰው አካል፣ የዓመት ወጪውም ምንጭ።
9. የአጥቢያዋ ተጠሪ ስምና የውሳኔ አሰጣጥ ሥርዓት።

ሰነዱ በጉባኤ ፊት ጮክ ተብሎ ይነበብ። ማንበብ የማይችሉ ወገኖችም ሰምተው «ይህ ቀርቷል» ማለት እንዲችሉ ነው። ከታረመ በኋላ በቃለ ጉባኤ ይጽደቅ፣ ይፈረም፣ ከአማካሪው ጋር በሚደረገው ውል ላይም አባሪ ይሁን። መሐንዲሱ የመጀመሪያውን ንድፍ ሲያመጣ ውበቱን ከማድነቃችን በፊት መግለጫውን አንቀጽ በአንቀጽ እያነበብን «ይህ የት ላይ ነው?» ብለን እንጠይቀው። ወረቀት ማንበብ ለሚከብዳቸው አባቶችና እናቶች ሕንፃው በቦታው ላይ በችካልና በገመድ ይለካላቸው፤ የኔታ በገመዱ ውስጥ ይቀመጡ፣ መዘምራኑም በቅኔ ማኅሌቱ ልክ ይቁሙበት። በገመድ ላይ የታየ ጉድለት ያለ ወጪ ይታረማል።

ሥራው ከተጀመረ በኋላ ለውጥ ቢያስፈልግ በጽሑፍ፣ ዋጋውና የሚጨምረው ጊዜ ታውቆ፣ በተጠሪው በኩል ብቻ ይታዘዝ።

ወቅቱ የእርሻና የጾም፣ የበዓልም ሩጫ የበዛበት በመሆኑ ይህን ለማድረግ ጊዜ የለም የሚሉ ኮሚቴዎች እንዳሉ እናውቃለን። ነገር ግን ሰበካ ጉባኤው በሁለት ሰንበት የሚጨርሰው ሥራ ነው። ለሕንፃ ድጋፍ የሚያመለክቱ አጥቢያዎች ይህን መግለጫ ባለሙያ ከመቅጠራቸው በፊት አዘጋጅተው ቢመጡ፣ ውይይታችን ከዋጋ ሳይሆን ከአገልግሎቱ ይጀምራል፤ ምእመናን ከመቀነታቸው የፈቱትም በታሰበለት ቦታ ይውላል።